ሩቢክ ኪዩብ ለጎበዝ ተማሪ፦ በክፍሌ እንዳየሁት

ይህን ኪዩብ፣ ማለትም እያዞሩ እያንዳንዱን ፊት አንድ ቀለም የሚያደርጉበትን ባለ ስድስት ቀለም መጫወቻ፣ መርካቶ የገዛሁት ለአንድ ተማሪዬ ብዬ ነው። አምስተኛ ክፍል ነው። ሒሳብ ላይ የሚቀድመው የለም፤ ሌሎቹ ጥያቄውን ገልብጠው ሳይጨርሱ እሱ ሠርቶ ይቀመጣል። ግን አንዴ ከተሳሳተ አለቀ። ወረቀቱ እስኪቀደድ በላጲስ ይፈገፍግና ደብተሩን ይዘጋል። ሁሉ ነገር ቀሎት ያደገ ልጅ፣ ሲከብደው ምን እንደሚያደርግ አያውቅም።

ኪዩቡን በሰጠሁት በሁለተኛው ቀን ነጩን ፊት ገጥሞ እየሮጠ መጣ። "አሁን ደግሞ ቢጫውን ሞክር" አልኩት።

"ቲቸር፣ ነጩ ይበላሻል እኮ!"

አዎ፣ ይበላሻል። ኪዩቡን የምወደው ለዚህ ነው። የሠሩትን ለጊዜው ሳያፈርሱ ወደፊት መሄድ የለም። ልጁ ሦስት ቀን ሳይነካው ቆየ። እኔም አልጎተጎትኩትም። ከዚያ ስለ ፈጣሪው ስለ ኤርኖ ሩቢክ ነገርኩት። ሰውየው በ1974 እ.ኤ.አ. ራሱ የሠራውን ኪዩብ መልሶ ለመግጠም አንድ ወር ገደማ ፈጅቶበታል። ዓይኑ ፈጠጠ። በማግስቱ ከቦርሳው አወጣው።

አሁን ሁለት ረድፍ ይገጥማል። ሐሙስ ዕለት ደብተሩን ሳይ፣ የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዞ ከሥሩ እንደገና ሞክሯል። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

ስለ ዕቃው፦ ርካሹ ሲዞር እየተያዘ ያስቸግራል፤ ልጁ ጥፋቱ የሱ ይሁን የዕቃው መለየት ያቅተዋል። ትንሽ ጨምራችሁ ለስላሳውን ግዙ። ቀለሙ የተለጠፈ ከሆነ ተዉት፤ ልጆች ልጠው ይቀያይሩታል። የዩቲዩብ መፍትሔውንም ቶሎ አታሳዩ።