ለደንቢያዋ የስኳር ክትትል ሲስተር ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ቤታችሁ ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ያላችሁ፣ በተለይ ከጎንደር ከተማ ራቅ ብላችሁ በየወረዳው የምትኖሩ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ደንቢያ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ታናሽ ወንድሜን ሰው አድርጋ መልሳልናለች። "ስሜን እንዳትጽፊ" ብላ ስላስማለችኝ ቃሌን እጠብቃለሁ። አካባቢው ላይ "የስኳሯ ሲስተር" ብላችሁ ብትጠይቁ ግን የማያውቃት የለም።

እሷ ጋ እስክንደርስ ያየነውን አበሳ ባልናገር የምስጋናዬ ልክ አይገባችሁም። ልጁ ሲጀምረው ቀን ከሌት ውሃ ይጠጣ ነበር፤ ሌሊት ለሽንት ይመላለሳል፣ ይበላል ግን ይከሳል፣ ሱሪው ከወገቡ አልቆም አለ። የወሰድንበት ክሊኒክ "ታይፎይድና ታይፈስ ነው" ብሎ መርፌ ጀመረለት። መርፌው ሲያልቅ ሌላ መድኃኒት ተጻፈ፤ እሱም ሲያልቅ ሌላ። እናታችን በግ እየሸጠች ከፈለች። ከዚያ ሁሉ ምርመራ መሀል ስኳሩን የለካው አንድ ሰው አልነበረም። ከጣት ጫፍ የምትወጣ አንዲት የደም ጠብታ ትበቃ ነበር! ራሱን ስቶ፣ በሩጫ እንደመጣ ሰው በኃይል እየተነፈሰ ነው ተሸክመን ወደ ከተማ የወሰድነው። በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ።

ተረፈ፣ ግን ክትትል በተባለበት ቦታ ደግሞ ሌላ መከራ ጠበቀን። ለካርድ ከሌሊት ጀምሮ ወረፋ፣ ኢንሱሊን "የለም፣ ከውጭ ግዙ"፣ ከውጭ ሲገዛ ዋጋው የማይቀመስ። ይህን ሁሉ በቻልነው። የባሰው ግን ሌላ ነው፤ የወንድሜ ስኳር አንድ ቀን ሰማይ ይወጣል፣ በማግስቱ ደግሞ ወርዶ ይጥለዋል። ሀኪሙ ቀና ብሎ ሳያየው "ከረሜላ እየሰረቅህ ነው፣ አታታልለኝ" ይለዋል፤ ከዚያ መጠኑን ጨምሮ ይሸኘዋል። ይህ ልጅ እኮ ሰርግ ቤት ለስላሳ ሲታደል እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ልጅ ነው። ከዚያ ሲመለስ መንገዱን ሙሉ ቃል አይወጣውም ነበር። በኋላማ "እኔ አልሄድም፣ ሌባ ይሉኛል" አለ። ይህን ሳስታውስ አሁንም ሆዴ ይባባል። የቦታዎቹን ስም አልጠራም፤ የደረሰብን ይበቃል።

ወደ ጤና ጣቢያው የሄድነው መንገድ በተዘጋ ሰሞን፣ ኢንሱሊኑ ብልቃጡ ሥር ሊደርስ ሲል፣ በጎረቤታችን ጥቆማ ነው። ሲስተር ካርዱን አነበበች፣ እኔም በከረሜላ እየተሰደበ እንደሆነ ነገርኳት። ምንም አላለችም። ወንድሜን "እስቲ እኔ እያየሁህ ተወጋ" አለችው። ብልቃጡን በመዳፉ መሀል አንከባለለ፣ ቀዳ፣ ልብሱን ገልጦ እንደለመደው እምብርቱ አጠገብ ሊወጋ ሲል "ቆይ" አለች። እጇን ታጥባ መጣችና ቦታውን በጣቶቿ ጫፍ ቀስ ብላ ዳበሰችው። ደግማ ዳበሰችው። ከዚያ የእኔን እጅ ይዛ እዚያው ላይ አስቀመጠችው። ከቆዳው ሥር ጠጠር ያለ፣ የአውራ ጣት የሚያህል እብጠት አለ። ልጁ እዚያ ሲወጋ ስለማያመው ሁልጊዜ የሚወጋው እዚያችው ቦታ ላይ ነበር። መድኃኒቱ እንዲህ ያለ እብጠት ውስጥ ሲገባ አንዴ ታፍኖ ይቀራል፣ አንዴ ሳይታሰብ ይለቀቃል አለችኝ። ዝርዝሩን በደንብ አስረድታኝ ነበር፤ እኔ የያዝኩት ይህን ነው።

ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞራ "ከረሜላ አይደለም ወንድሜ፣ ቦታው ነው። አንተ ምንም ጥፋት የለብህም" አለችው።

ልጁ አለቀሰ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲሰደብ አላለቀሰም ነበር፣ ያን ቀን አለቀሰ። እሷም ቀጣዩን በሽተኛ አልጠራችም፤ እስኪበቃው ጠበቀችው።

ቦታ እያፈራረቀ እንዲወጋ የሰው ምስል ሥላ ሆዱንና ጭኑን ከፋፍላ አሳየችው። መጠኑን ደግሞ ቀነሰችው! ሌላ ቦታ ሁልጊዜ ይጨመርለት ስለነበር ገረመኝ። ጤነኛ ቦታ ላይ ሲወጋ መድኃኒቱ በደንብ ስለሚሠራ በድሮው መጠን ከቀጠለ ስኳሩ ይወርድበታል አለች፤ እዚያው ፊታችን ጎንደር ደውላም ሀኪም አማከረች። ማታ ስልኬ ጮኸ፣ እሷ ናት። በራሷ ካርድ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ። "እራት በላ? ላብ አለው? እጁ ይንቀጠቀጣል? ሌሊት ቀስቅሱና እዩት" አለችኝ። ሌሊት ስንቀሰቅሰው እውነትም በላብ ርሶ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስኳሩ ወርዶበት ነውና እንደነገረችን ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣነው። አያታችን "ለስኳር በሽተኛ ስኳር!" ብላ ራሷን ያዘች፤ ብዙም ሳይቆይ ልጁ ተነስቶ ምግብ ጠየቀ። ጠዋት ስንደውልላት መጠኑን እንደገና ቀነሰችው። ከዚያ ወዲህ ስኳሩ ረጋ። ትምህርት ቤት ተመልሷል፣ ኳስም ይጫወታል።

ስለ አያታችን ካነሳሁ ሌላም ልጨምር። እሷ የምታምነው በጠበል ነው፤ የፍልሰታ ጾምም ልጁ እንዲቀርበት አትፈልግም ነበር። ስንቱ ጤና ባለሙያ በዚህ ያፌዛል። ሲስተር ግን አጠገቧ ቁጭ ብላ "እመይ፣ ጠበሉንም ይጠጣ፣ መርፌውንም ይወጋ፤ ሁለቱም የእግዜር ናቸው። ስለ ጾሙ የንስሐ አባቱን ያነጋግሩልኝ" አለቻት። የንስሐ አባታችንም የታመመ አይጾምም ብለው ፈቱት። ዛሬ የመርፌ ሰዓት ሲደርስ ቀድማ የምታስታውሰው አያታችን ናት። ፍሪጅም የለንም፣ ቆላው ደግሞ ያቃጥላል። ሲስተር አንዱን የሸክላ ማሰሮ በሌላው ውስጥ አስቀምጠን፣ መሀሉን እርጥብ አሸዋ ሞልተን፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለን ከውስጠኛው እንድናኖር አሳየችን። የበረደው ጥሩ ነው ብላችሁ በረዶ ውስጥ እንዳትከቱት፤ በረዶ ሆኖ ከረጋ በኋላ አይሠራም።

እንዲህ ያለ እውቀት ገጠር ድረስ እንዴት ወረደ ብዬ ስጠይቃት የነገረችኝን ላካፍላችሁ። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም ሲከፈት ጀምሮ ሥራው ጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ለገጠሩ ማሰልጠን ነበር። የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የደም ግፊት ክትትልንም እንደ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙ ያሉ የጎንደር ሀኪሞች ወደ ወረዳ ጤና ጣቢያዎች አወረዱት፤ ጅማም እንዲሁ ተሠርቷል። ነርሷ በሽተኛውን በቅርብ ትከታተላለች፣ ከአቅሟ በላይ ሲሆን ሆስፒታሉን ታማክራለች። ድሃ ገበሬ ለአንድ ብልቃጥ ብሎ ቀኑን ሙሉ አይሄድም ማለት ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ይህ የሞትና የሕይወት ጉዳይ መሆኑን እኛ አይተነዋል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሂዱ! ስኳር ያለበት ልጅ ቤት ደብቃችሁ አታስቀምጡ። ውሃ ጥሙ የበዛ፣ ሽንቱ የበዛ፣ እየበላ የሚከሳ ልጅ ካያችሁ ስለ ታይፎይድ ከመስማታችሁ በፊት "ስኳሩን ለኩልኝ" በሉ። እንቢ ቢሏችሁም ደግማችሁ በሉ። ደንቢያና አካባቢው ያላችሁ ወደ እሷ ውሰዷቸው። የሌላ ወረዳ ሰዎችም በየጤና ጣቢያችሁ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ክትትል እንዳለ ጠይቁ። ኃላፊነት ላይ ያላችሁ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ ልመናዬ አንድ ነው፤ የስኳር መለኪያ ስትሪፕና ኢንሱሊን ጤና ጣቢያ ላይ አይጥፋ። እንዲህ ያለች ባለሙያ ባዶ እጇን ምን ታድርግ?

ሲስተርዬ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ልጅሽን ይባርክልሽ፣ እጅሽ አይንጠፍ፣ እናታችን በየቅዳሴው ስምሽን ታነሳለች።

የምትሄዱ ሰዎች የክትትል ካርዳችሁን፣ የጤና መድን መታወቂያችሁን፣ የምትወጉበትን ብልቃጥና መርፌ ይዛችሁ ሂዱ፤ እሷ ፊት እንድትወጉ ትጠይቃችኋለችና ቁርስም ቋጥሩ። መንገዱን ወይም ቀኑን የምትጠይቁኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አይቼ እመልሳለሁ።