«የብርድ መከላከያ ልብስ ተካትቷል» የሚል የኪሊማንጃሮ ፓኬጅ ልትገዙ ነው? ቆይ!

ኪሊማንጃሮ ለመውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ከቡድን ጋር ሄጄበታለሁ፣ ስለ ተራራው ቅሬታ የለኝም። የማስጠነቅቃችሁ «ጃኬት፣ ጓንት፣ ስሊፒንግ ባግ (ውስጡ ተገብቶ የሚተኛበት ከረጢት) ሁሉም ተካትቷል፣ እናንተ ጫማችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ» ከሚለው ርካሽ ፓኬጅ ነው። ዋጋው ያጓጓል። የሚሸጡላችሁ ግን ታች ከተራራው ስር ባለችው ሞሺ ከተማ እንኳ ብዙ የማያሞቅ እቃ ሊሆን ይችላል፣ ያንን የምታውቁት ደግሞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ከ5000 ሜትር በላይ፣ መመለሻውም መቀጠያውም በጠፋበት ቦታ ነው።

ዋናው ማታለያ አንድ ቁጥር ናት። «እስከ -20 ዲግሪ የሚችል» ይላሉ። ቁጥሩ እቃው ላይ በእርግጥ ተጽፎ ይሆናል። ጥያቄው የቱ ቁጥር ነው የሚለው ነው።

ለስሊፒንግ ባግ አይኤስኦ 23537 የሚባል ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። ላብራቶሪ ውስጥ ሰው የሚመስል፣ የሚሞቅ አሻንጉሊት ልብስ አልብሰው ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ አስገብተው፣ ከስሩ ፍራሽ አንጥፈው ይለኩታል። ከዚያ ሦስት ቁጥር ይወጣል። «ኮምፈርት» የሚለው አንዲት ሴት ዘና ብላ የምትተኛበት ነው። «ሊሚት» የሚለው አንድ ወንድ ኩርምት ብሎ ሳይበርደው የሚያድርበት ነው። «ኤክስትሪም» የሚለው ደግሞ አንዲት ሴት ለ6 ሰዓት ያህል በብርድ ሳትሞት ትቆይበታለች ተብሎ የሚገመት ነው። አዎ፣ ሳትሞት። እንቅልፍ እዚያ ውስጥ የለበትም፣ ብርዱ ጉዳት አያደርስም የሚል ዋስትናም የለውም። በኮምፈርትና በኤክስትሪም መሀል የ20 ዲግሪ ልዩነት ማየት የተለመደ ነው። አሁን ሻጩ ማስታወቂያው ላይ የትኛውን እንደሚጽፍ ገምቱ።

ለኛ ቡድን የተሰጠው ስሊፒንግ ባግ «የ-20» ተብሎ ነበር። ከውስጥ በኩል የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ገልበጥ አድርገን ስናይ ኤክስትሪም -19፣ ኮምፈርት +2 ይላል። ያውም አዲስ እያለ! የሚከራይ ስሊፒንግ ባግ ስንት ሰው ላብ አልቦበት፣ ስንት ጊዜ ተጨምቆ ከረጢት ውስጥ ተጠቅጥቆ እንደከረመ አስቡት። የሚያሞቀው በላባው መሀል የሚታመቀው አየር ነው። ላባው ከተኛ አየር የለም፣ አየር ከሌለ ሙቀት የለም። ዘርግታችሁ ስትተዉት ካልተነፋ በእጃችሁ የያዛችሁት ወፍራም አንሶላ ነው።

ጃኬቱ ይባስ። ለተራራ ጃኬት እንደ ስሊፒንግ ባጉ ሁሉም ሻጭ የሚከተለው የሙቀት መለኪያ የለም። «-30 ይችላል» ብሎ ታግ ማንጠልጠል ለማንም ቀላል ነው። ለኛ የመጣው የከተማ ክረምት ጃኬት ነበር፣ አንዳንዱ ዚፑ የማይዘጋ፣ አብዛኛው ከላይ የንፋስ መከላከያ የሌለው። ወገን፣ እዚህ ላይ ነው ገንዘባችሁ የሚበላው፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ትልቁ ጠላት ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው ብርድ ብቻ አይደለም።

ሒሳቡን እንየው። ሞሺ ከባህር ጠለል በላይ 900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኡሁሩ የሚባለው የኪሊማንጃሮ ጫፍ 5,895 ሜትር ነው። ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ይወርዳል። ስለዚህ ሞሺ ሌሊቱ 20 ዲግሪ ከሆነ ጫፉ ላይ -12 ገደማ ጠብቁ። -12 ያስችላል ትሉ ይሆናል። ንፋሱን ጨምሩበት። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ከሆነ ፊታችሁ የሚሰማው እንደ -23 ነው። አየሩ -15 ሆኖ ንፋሱ 50 ከደረሰ -29 ገደማ ይሆናል፣ እዚያ ደረጃ ላይ ያልተሸፈነ ቆዳ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ በብርድ ሊጎዳ ይችላል። ሰውነታችን ዙሪያውን ስስ ሞቃት አየር ይሠራል፣ ንፋሱ ደግሞ ጠርጎት ይሄዳል፤ እንደገና ስንሠራ እንደገና ይወስዳል። የሚገፋበት ጉልበትም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ላቦራቶሪ ውስጥ የተለካው ቁጥር ይህን ሁሉ አያውቅም።

«እኔ ራስ ደጀን ወጥቻለሁ፣ ብርድ አያስፈራኝም» የምትሉ አላችሁ፣ ሰምቻለሁ። ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ገደማ ነው። በከፍታ ልዩነቱ ብቻ ኡሁሩ ወደ 9 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፣ ያውም ጫፉን የምትወጡት በሌሊት ነው። ከፍታ ብቻውንም ሁሉን አይናገርም። አሜሪካ ውስጥ ማውንት ዋሽንግተን የሚባል 1,917 ሜትር ብቻ የሆነ ተራራ አለ፣ በ1934 እ.ኤ.አ. በሰዓት 372 ኪሎ ሜትር ንፋስ የተለካበት። ተራራ አጭር ነው ተብሎ አይናቅም።

የመጨረሻዋ ሌሊት እንዲህ ናት። በማቻሜ ወይም በሌሞሾ መንገድ የሚሄዱት አብዛኛውን ጊዜ ከ4,600 ሜትር በላይ ካለው የባራፉ ካምፕ እኩለ ሌሊት ገደማ ይነሳሉ። (ታንዛኒያዎች በስዋሂሊ ሰዓት ሲቆጥሩ እንደኛው ነው፣ ስለዚህ «6 ሰዓት» ሲሏችሁ በስዋሂሊው ነው በፈረንጁ ብላችሁ ጠይቁ።) ወደ ላይ ብቻ ስድስት፣ ሰባት ሰዓት ትሄዳላችሁ፣ በጣም በዝግታ፣ ኦክስጅኑ ከታቹ ግማሽ ያህል በሆነበት። በዝግታ የሚሄድ ሰው ብዙ ሙቀት አያመነጭም። ከጎማ ቱቦ የምትጠጡት ውሃ ይቀዘቅዝና ይዘጋል፣ የስልክ ባትሪ ይሞታል። ከሁሉ የሚከፋው ሊነጋጋ ሲል ያለው ሰዓት ነው። ከኛ አንዱ ስቴላ ፖይንት የሚባለው፣ ከኡሁሩ ትንሽ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ጣቶቹ ነጭ ሆነው መሪው ወዲያው አወረደው፣ ደግ አደረገ። የተሰጠው ጓንት ቀጭን ሹራብ ነበር።

ተመልሰን ለድርጅቱ ስንነግራቸው መልሱ ምን ሆነ መሰላችሁ? «አየሩን እኛ አላዘዝነውም።» እስኪ አየሩን ማን ከሰሰ? የከሰስነው ጓንቱን ነው! ገንዘብ መመለስ የሚባል ነገርም አልነበረም፣ ውሉ ላይ «እቃ ተካትቷል» እንጂ ምን ዓይነት እቃ እንደሆነ አንድ ቃል አልነበረም።

ስለዚህ ውሉ ላይ አስጽፉ። የስሊፒንግ ባጉ ኮምፈርት ቁጥር ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ «-20 ነው» ካሏችሁ ደግማችሁ ጠይቁ፣ የታጉን ፎቶ ይላኩላችሁ። ኮምፈርቱ -10 አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ከላባ ጃኬቱ በተጨማሪ ንፋስ የማያስገባ፣ ኮፍያ ያለው መደረቢያና ሱሪ ይኖራል ወይ? ጓንቱ አራቱ ጣት አንድ ላይ የሚገቡበት ወፍራሙ ነው ወይስ ሹራብ? እቃውን የምታዩት መቼ ነው? በዋዜማው ማታ ነው ካሏችሁ ተጠንቀቁ፣ በዚያ ሰዓት የሰጧችሁን ከመውሰድ ሌላ አማራጭ አይኖራችሁም። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ቀደም ብላችሁ ሞሺ ግቡ።

ሌላም አለ፣ ባጭሩ፦ የፓርኩ ክፍያ የሚሰላው በቀን ስለሆነ ርካሽ ፓኬጅ የሚረክሰው ብዙ ጊዜ ቀን ተቆርጦ ነው። የ5 ቀን ጉዞ ሰውነት ከከፍታው ጋር ለመላመድ ጊዜ አይሰጠውም። በከፍታ የታመመ ሰው ደግሞ በየደቂቃው ይቆማል፣ የቆመ ሰው ይበርደዋል።

ከፍላችሁ ከሆነም አልረፈደም። ዛሬውኑ ጻፉላቸውና የእቃውን ፎቶና የታጉን ቁጥር ጠይቁ። ካልመለሱ ወይም ካንገራገሩ የእቃው ድርሻ ከዋጋው እንዲቀነስ ጠይቁና ለብቻ ተከራዩ፣ ሞሺ ውስጥ እቃ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ። ጓንት፣ ፊት መሸፈኛና ከውስጥ የሚለበሰውን ግን የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጥጥ እንዳይሆን፣ በላብ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም። ጃኬቱን ስትረከቡ ጓንቱን አጥልቃችሁ ዚፑን ዝጉት፣ ክፈቱት። ካልተዘጋ እዚያው መልሱላቸው።