ወንድሜን ቁጭ ብላ ላዳመጠችው ጤና መኮንን ምስጋና (ባሕር ዳር ላላችሁ ጥቆማም ነው)

ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ያላችሁ፣ በተለይ ሐይቁ ዳር ውላችሁ የምትገቡ፣ ይህችን ጽሁፍ እባካችሁ አንብቡልኝ። አንዲት ጤና መኮንን ላመሰግን ነው። በዚያውም ልጠቁማችሁ። ስሟን እንዳልጽፍ አጥብቃ ለምናኛለች። «ሥራዬን ነው የሠራሁት፤ ደግሞ ነገ ወረፋው በር ሰብሮ ይገባብኛል» ብላ ሳቀች። ስለዚህ የምትሠራበትን ጤና ጣቢያ ማወቅ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፤ እነግረዋለሁ።

ነገሩ የታናሽ ወንድሜ ነው። ባጃጅ ነጂ ነው። ሆዱን ያመው ጀመር። ቁርጠት፣ ሲለው ተቅማጥ፣ ከዚያ ደግሞ ድካም። ያ ሲሮጥ የሚውል ልጅ ከሰዓት በኋላ ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ መተኛት አመጣ። እናታችን «ዓይን ነው» ብላ ጠበል ወሰደችው። እኔ ደግሞ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሁለቱም አልቀረበትም።

የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። ማንንም ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ግን ሁሉም ጋ የሚገጥመን ነገር አንድ ዓይነት ነበር። ገብተን ሳንቀመጥ «ምንህን ነው?» ይባላል። «ሆዴን» ይላል። ደም ስጥ ይባላል። ውጤት ይመጣል፤ ታይፎይድ ነው። ሲፕሮ ይታዘዛል። ታይፎይድ ካልሆነ ጨጓራ ነው፤ ኦሜፕራዞል። ያም አልሻለው ሲል «ወጣት ነህ እኮ፣ ጭንቀት ነው። ጫት ትቅማለህ እንዴ?» ይመጣል። ወንድሜ ጫት አይቅምም። መጨነቅ የጀመረውም ሕመሙ አልለቅ ሲለው ነው።

አንዱ ሐኪም ጋ ግን ቆርጬ ጠየቅሁ። «ዶክተር፣ የሰገራ ምርመራ ቢታዘዝልን?» አልኩ። ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ሐኪሙ ማነው? እኔ ነኝ አንቺ?» አለኝ። «ልጁ ሐይቁ ዳር ነው የሚውለው፤ ባጃጁን እዚያ ነው የሚያጥበው። ብልሃርዚያ፣ ያ ከውሃ የሚይዘው ትል፣ እንዳይሆን ብዬ ነው» ስለው ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። «ፌስቡክ ላይ ነው ያነበብሽው?» አለ። ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን ቀጣይ ሰው ጠራ። እኛ ገና ከወንበሩ አልተነሳንም ነበር።

ወንድሜ ደጅ ወጥቶ «ሁለተኛ እንዳትወስጂኝ» አለኝ። ስድቡስ ያልፋል። ታማሚው መታከምን ጭራሽ እንዲጠላ ማድረጉ ነው ከባዱ። ከዚያ በኋላ እንኳን ሊታከም፣ አመመኝ ማለትም ተወ።

የሚያናድደው ደግሞ ምርመራ ተሰስቶብን አይደለም። ደሙ በየሄድንበት ተቀድቷል። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ የደም ምርመራ ሰውነታችን የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው የሚያየው። ከዚህ በፊት የነበረ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም «አለ» ሊያሰኘው ይችላል። አንዴ ታይፎይድ የታመመ ሰው ቆይቶ ለሌላ ነገር ቢሄድም ያው ታይፎይድ ሊባል ይችላል ማለት ነው። ይሄ ያለ ልመና ይታዘዛል። በአንዲት ብልቃጥ የሚያልቀው የሰገራ ምርመራ ግን ልመና ሆነ።

ጤና ጣቢያው ጋ የሄድነው እውነቱን ለመናገር ተስፋ አድርገን አይደለም። የጤና መድን ደብተር አለን፤ በመድን ለመታከም ደግሞ መነሻው ጤና ጣቢያ ነው። ገንዘባችን ስላለቀ ሄድን።

ወረፋው ረጅም ነበር። ስንገባ እንደለመድነው ቆመን መናገር ጀመርን። «ቆይ፣ ቁጭ በሉ መጀመሪያ» አለች። ወንድሜ «እሺ ዶክተር» አላት። «ዶክተር አይደለሁም፣ ጤና መኮንን ነኝ» አለችው ፈገግ ብላ። በፌስታል ያንጠለጠልኩትን የወረቀት ክምር አየች። እኔ ፈርቼ ልደብቀው ስል «አምጪው፣ እሱን ነው የምፈልገው» ብላ ተቀበለችኝ። አንድ በአንድ ገለጠችው። የታዘዘለትን መድኃኒት ሁሉ በትንሽ ወረቀት ላይ ጻፈችና «ይሄን ሁሉ ወስደህ ነው ያልተሻለህ?» አለችው። በአዘኔታ ነበር ያለችው።

ከዚያ ጥያቄው መጣ። የት ነው ያደግኸው? ዋና ትችላለህ? ባጃጁን የት ነው የምታጥበው? እግርህን ውሃ ውስጥ ነክረህ ነው ወይስ በባልዲ ቀድተህ? የእምቦጭ ዘመቻ ሄደህ ታውቃለህ? ወንድሜ ሄዷል። እስከ ወገባቸው ገብተው ሲነቅሉ ነበር የዋሉት። እሷ ይሄን ሁሉ ትጽፋለች። አልጋው ላይ አስተኝታ ሆዱን በእጇ ነካካችው፤ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቱ ሥር፣ ቀጥሎ በግራ። ያን ሁሉ ስንዞር ሆዱን የነካው ሰው ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እህቴ፣ አንድ አፍታ ውጭ ትጠብቂን?» አለችኝ። ወጣሁ። ስመለስ ወረቀቱ ላይ «ደም የቀላቀለ ሰገራ» የሚል ተጽፏል። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያየው ኖሯል! ታላቅ እህቱ ፊት እንዴት ብሎ ያውራው? የትም ስንሄድ ደግሞ እኔ ነበርኩ አፉ። አንድ ሐኪም እንኳ ለብቻው ሊያናግረው አልሞከረም።

የሰገራ ምርመራ አዘዘች። የመጀመሪያው ምንም አላሳየም። ልቤ ወደቀ። አሁን ደግሞ ጭንቀት ነው ልትል ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን «አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም» አለች። የብልሃርዚያ ትል እንቁላል በየቀኑ እኩል አይወጣም፤ ሰገራውን ዝም ብሎ በመስታወት ላይ ቀብቶ ማየት ደግሞ ጥቂት እንቁላል ሲኖር ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ በሌላ ቀን ትኩስ ናሙና አምጡ አለችን። ላብራቶሪው ደግሞ ካቶ ካትዝ በሚባለው ዘዴ እንዲያየው ጻፈች። ይሄ ዘዴ ሰገራውን አጥልሎ፣ በትንሽ መለኪያ ለክቶ፣ እንቁላሉን እስከ መቁጠር የሚያደርስ ነው።

እዚህ ላይ የላብራቶሪውን ልጅም ላመስግን። ሲያገኘው ሮጦ መጥቶ ጠራን። «ኑ፣ በዓይናችሁ እዩት» ብሎ ወንድሜን ማይክሮስኮፑ ላይ አስደገፈው። እኔም አየሁ። ሞላላ ነገር ነው፤ ጎኑ ላይ እንደ እሾህ የሾለች ነገር አለችው። «ይቺ የጎን እሾህ ናት የምታጋልጠው፤ የአንጀት ብልሃርዚያ ነው» አለ። ወንድሜ ዝም ብሎ ቆይቶ «አየሽ፣ አልቀጠፍኩም» አለኝ። ማንም ዋሸህ አላለውም ነበር። ግን እንደዚያ ነበር የተሰማው።

ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ፤ ሐይቁ ደጃችን ስለሆነ ጉዳዩ የሁላችን ነው። ብልሃርዚያ በጣና ዙሪያ የቆየ በሽታ ነው። በሽታው ያለበት ሰው ሰገራ ውሃ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ተፈልፍሎ ውሃ ውስጥ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል። ከእሷ የሚወጣው በዓይን የማይታይ ነገር የሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አይጠበቅባችሁም፤ እግራችሁ ከነካው ይበቃል። ትሎቹ በአንጀት ዙሪያ ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። ከእንቁላላቸው ከፊሉ ወደ ጉበት ሄዶ ይቀራል። ሳይታከም ብዙ ዓመት ከቆየ ጉበትን በጠባሳ ያደድራል፣ ጣፊያን ያሳብጣል፣ ደም እስከ ማስመለስ ያደርሳል። ዓሣ አጥማጁ፣ ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያርሰው፣ ልብስ የምታጥበው፣ ዋና የሚዋኘው ሕፃን፣ ሁሉም ያው ውሃ ውስጥ ነው።

መቼም ይሄ በሽታ ለሀገራችን ሐኪሞች እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው እንዶድ ቀንድ አውጣዎቹን እንደሚገድል የደረሱበት። እናቴ ጋቢ የምታጥብበት እንዶድ! ይሄን ለወንድሜ ስነግረው «እና ባጃጁን በእንዶድ ልጠበው?» አለኝ። ቀልዱ ሲመለስ መዳኑን አወቅሁ።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል። የሚሰጠው በክብደት ተለክቶ ነው፤ ለአንድ ኪሎ 40 ሚሊግራም። ወንድሜ 60 ኪሎ ስለሆነ ባለ 600 ሚሊግራሙን 4 ፍሬ፣ ምግብ በልቶ፣ በአንድ ጊዜ ዋጠ። አለቀ። ያን ሁሉ ወራት ስንከራተት የኖርነው ለዚህች ነበር። «ሊያዞርህ ይችላል፣ ዛሬ ባጃጅ አትነዳም» አለችው። ደግሞ ቀጠሮ ሰጠችው፤ መድኃኒቱ ገና ያልጎለመሱትን ትሎች ስለማይገድል ተመልሶ መታየት አለበት። ለጉበቱ አልትራሳውንድ በሪፈር ላከችን። ደህና ነው፤ ተመስገን።

በቀጠሮው ቀን አንድ ነገር ጠየቅኋት። «እኔ ያኔ ለዚያ ሐኪም ምን ብለው ነበር የሚሰማኝ?» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «የምርመራ ስም ይዘሽ ስትገቢ አንዳንዱ ሰው ይቆጣል፣ ሥራዬን ቀማችኝ ይላል» አለች። «ልክ ነው እያልኩሽ አይደለም። ግን ታሪኩን ይዘሽ ግቢ። መቼ ጀመረ፣ ምን ወሰደ፣ ምን አልሠራለትም፣ ውሎው የት ነው። የድሮ ወረቀት አትደብቂ። ከዚያ "ታይፎይድ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?" ብለሽ ጠይቂ። ሐኪሙ ራሱ ብልሃርዚያን ካነሳው ምርመራውን ራሱ ያዛል።» ካልተሻለው መቼ እንመለስ የሚለውንም ሳትጠይቂ አትውጪ አለችኝ። «እሱም ካልሠራ ሌላ ሰው ጋ ሂጂ። ሐኪም መቀየር ነውር አይደለም።»

እኔ የምጨምረው፦ ታማሚው የሚያፍርበት ነገር ካለ አስታማሚዎች እንውጣለት። ሐኪሙ ውጡ ባይለንም ራሳችን እንውጣ።

ሐኪሞችን በጅምላ እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ወረፋውን አይቼዋለሁ። ያቺ ጤና መኮንን ራሷ ምሳዋን ስትበላ አላየሁም፤ ከጠረጴዛዋ ጥግ ዳቦ በፌስታል ተቀምጦ ነበር፣ እኛ ስንወጣም እንዳለ ነው። ግን እሷም ያው ወረፋ ነው ያለባት። ለኛ የሰጠችን ጊዜ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ያኛው ሐኪም እኔን ለመገሠጽ ያጠፋውን ጊዜ ሆዱን ቢነካበት ይበቃው ነበር።

ለመሄድ ያሰባችሁ ጠዋት ግቡ፤ ካርድ ክፍሉ ከረፈደ ይጨናነቃል። የጤና መድን ደብተራችሁ መታደሱን ቤት እያላችሁ እዩት። የሰገራ ብልቃጥ እዚያው ይሰጣችኋል፤ ከቤት በሃይላንድ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ የላብራቶሪው ልጅ አደራ ብሏል። ከቀበሌ 14 አካባቢ ለምትነሱ አቅመ ደካሞች ወንድሜ በባጃጁ በነፃ አደርሳለሁ ብሏል። እኔም ጽፌዋለሁ፤ እንግዲህ መካድ የለም።