ቪላ፣ ታውን ሀውስ ወይስ አፓርታማ? ከከተማ ወጣ ባለ ሰፈር ለቤተሰብ የሚከራይ ቤት ሲመረጥ

ከከተማ መሃል ወጣ ባሉ ሰፈሮች ለቤተሰብ የሚከራዩት ቤቶች በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው፤ የራሱ ግቢ ያለው ቪላ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራው ታውን ሀውስ እና አፓርታማ። ሦስቱም ሦስት መኝታ ክፍል ሊኖራቸው፣ ኪራያቸውም ሊቀራረብ ይችላል። ልዩነቱ የሚታወቀው ከገቡ በኋላ ነው።

ቪላ ለልጆች የሚሰጠውን ነፃነት ሌሎቹ አይሰጡም። ልጅ ደጅ ወጥቶ ሲሮጥ ወላጅ ከወጥ ቤቱ መስኮት ያየዋል፤ ከታች ሆኖ «ኳሱን አቁሙልን» የሚል ጎረቤትም የለም። ግቢው ግን ሥራ አለው። አጥሩ ሲዘም፣ አሸንዳው ሲደፈን፣ ጣሪያው ሲያፈስ ማን ያሠራል? ውሉ ይህን ካልለየ ወጪው ቀስ በቀስ ወደ ተከራዩ ይዞራል። በተጨማሪም ጣሪያውና አራቱ ግድግዳዎች ለብርድም ለሐሩርም የተጋለጡ ስለሆኑ ማሞቂያ ወይም ማቀዝቀዣ የሚጠቀም ቤተሰብ የኃይል ሂሳቡ ከፍ ይልበታል።

ውኃ በሚቆራረጥበት ሰፈር ደግሞ ከግቢው ስፋት በፊት የታንከሩን መጠን ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ውኃ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል። በዚህ ስሌት 1,000 ሊትር የሚይዝ ታንከር አምስት ሰው ላለበት ቤት ከሁለት እስከ አራት ቀን ነው የሚበቃው፤ አትክልት ማጠጣት ሳይጨመር።

አፓርታማ የሚስማማው እናትም አባትም ማልደው ወጥተው አምሽተው ለሚገቡበት ቤተሰብ ነው። ጣሪያውንና ደረጃውን የሚጠብቀው ሌላ ነው፤ በር ቆልፎ መሄድ ይበቃል። ለዚህ ግን ብዙውን ጊዜ የጋራ አገልግሎት ክፍያ ይጠየቃል፤ በኪራዩ ውስጥ መካተቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። ከሁሉ በላይ የማሳስበው ስለ ፎቁ ከፍታ ነው። ውኃን 10 ሜትር ወደ ላይ ለማድረስ አንድ ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ያህል ግፊት ስለሚፈጅ፣ ከፍ ያሉ ፎቆች ብዙ ጊዜ በፓምፕ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ሊፍቱም ፓምፑም አብረው ይቆማሉ፤ ሕፃን ታቅፎ፣ ውኃ ተሸክሞ አምስት ፎቅ መውጣት ምን እንደሚመስል ያስቡት። ጄኔሬተር አለ ከተባለ ሁለቱንም ያንቀሳቅስ እንደሆነ ይጠይቁ። የመስኮቶቹንና የበረንዳውን መከላከያ ራስዎ ነቅነቅ አድርገው ይፈትሹ፤ በዚህ ጉዳይ የአከራይ ቃል አይበቃም። ድምፁን ለማወቅ ደግሞ ቤቱን ጎረቤቶች ሁሉ በገቡበት ሰዓት፣ ምሽት ላይ ይዩት።

ታውን ሀውስ በሁለቱ መካከል ነው። ትንሽ ጓሮ አለው፣ በጋራ ግድግዳው ምክንያት ሙቀት ይቆጥባል። ችግሩ የውስጥ ደረጃው ነው፤ መኝታ ክፍሎቹ ሁሉ ላይ ከሆኑ፣ ጉልበታቸው ለደከመ አያት ቤቱ አይሆንም። ታች አንድ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ካለው ግን ትናንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ሦስቱን በኪራይ ብቻ አያወዳድሩ። በአንድ ጉዞ 45 ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ፣ በሳምንት አምስት ቀን ደርሶ መልስ ሲቆጠር ሰባት ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ሊሆን ምንም አልቀረውም። የትራንስፖርቱን፣ የጥገናውንና የጋራ አገልግሎቱን ወጪ በኪራዩ ላይ ደምረው ሲያዩ ርካሽ የመሰለው ሰፊ ቪላ አንዳንዴ ከሁሉም ይወደዳል። ልጆች ትምህርት ቤት በእግራቸው የሚደርሱበት ጠበብ ያለ ቤት ከተገኘ፣ እኔ አንድ ክፍል ትቼም ቢሆን እርሱን እወስዳለሁ።

የትኛውንም ቢመርጡ ቁልፍ በሚረከቡበት ዕለት እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ ያንሡ፣ የቆጣሪዎቹን ንባብ ይመዝግቡ፣ የተሰነጠቀውንና የሚያንጠባጥበውን ዘርዝረው ከአከራዩ ጋር ይፈራረሙ። ሲለቁ መያዣዎን የሚያስመልስልዎት ይህ ወረቀት ነው።