የሆላንድ ሳይክል በቆጋ ቦይ ዳር፦ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን ሳይክል የገዛሁት ሳላስብበት ነው። ጥቅምት ላይ ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ ሳይክል የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄድኩ። ለእህቴ ልጅ 26 ቁጥር ልፈልግላት ነበር። ጥግ ላይ አንድ ጥቁር ረጅም ሳይክል ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። መሪው እንደ በሬ ቀንድ ወደ ኋላ ተጠምዝዟል።

"ይኼስ?" አልኩት።

"የሆላንድ ነው። ማንም አይፈልገውም።"

"ለምን?"

"ይከብዳላ!"

እውነቱን ነው። ቤት ወስጄ ስመዝነው 20 ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረው። 22,000 ብር ከፈልኩ። የእህቴ ልጅ እስከ ገና አኮረፈችኝ።

እንግዲህ ስምንት ወር ሆነኝ። በግምት ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቼዋለሁ። ዘጌ ሄጄበታለሁ፣ ጢስ ዓባይ ሄጄበታለሁ። አብዛኛው ግን የቅዳሜና እሑድ የመራዊ ከተማ መንገድ ነው፤ ከመራዊ ወዲያ ደግሞ የቆጋ መስኖ። የሠራውን ድርጅት ስም አልጠራም፤ ያገለገለ ስለሆነ ጥፋቱ የፋብሪካው ይሁን የቀድሞ ባለቤቱ መለየት አይቻልም። በዚያ ላይ እንዲህ ዓይነቶቹ ሳይክሎች ስማቸው ቢለያይም አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው። አካሉ ብረት፣ ካምቢዮው ሦስት፣ የኋላ ፍሬኑ ፔዳሉ ውስጥ፣ ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ።

ጎጃም ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው ጮቄ ወይም የዓባይ በረሃ ነው። ደጀን ቁልቁለት ላይ ይህን ሳይክል ይዤ አልገኝም፤ ዕድሜዬን እወደዋለሁ። የጣና ዳርቻ ግን ሌላ አገር ነው። ሆላንድ ከመሬቷ ሩብ ያህሉ ከባሕር ጠለል በታች ነው፤ ሰዎቹ በቦይና በግድብ ዳር በሳይክል ይሄዳሉ። ባሕር ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ላይ ናት። ምን ያገናኛቸዋል ትል ይሆናል። እግር ግን ከፍታ አይቆጥርም፣ የሚቆጥረው ዳገት ነው።

ቆጋ ላይ ይህ በደንብ ይገባሃል። መስኖው 7,000 ሄክታር ያጠጣል ተብሎ የተሠራ ነው፤ ዋናው ቦይ ብቻ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ውሃ ዳገት አይወጣም። ስለዚህ ቦዩ ኮረብታው ሲመጣበት ዞር ብሎ ያልፋል። ከጎኑ ያለው የጥገና መንገድም አብሮት ይዞራል። አንተም አብረህ ትዞራለህ። በሁለተኛ ካምቢዮ፣ ቀጥ ብለህ ተቀምጠህ፣ እጅህን እንደ ወንበር መደገፊያ መሪው ላይ አድርገህ። ግራህ ውሃ፣ ቀኝህ ስንዴና ሽንኩርት፣ ከዚያ ወዲያ ባሕር ዛፍ። ጠዋት ከደረስክ የሌሊት ማጠራቀሚያ ኩሬዎቹ ሞልተው ታገኛቸዋለህ። ሌሊት ማንም ስለማያጠጣ ውሃው እዚያ ይጠራቀማል፣ ሲነጋ ወደ ማሳ ይለቀቃል። ጥር ላይ ከኩሬዎቹ አንዱ ዳር ቁጭ ብዬ ዳቦዬን ስበላ አካፋ የያዙ አባት መጡ። ሳይክሉን ዞረው ዞረው አዩት። ከኋላ ሁለት ትልልቅ የሸራ ቦርሳ አንጠልጥያለሁ፤ ውስጣቸውን በማዳበሪያ ላስቲክ አሰፍቼዋለሁ።

"እንደምን ዋልህ? ንግድ ነው?"

"እንደምን ዋሉ አባቴ? ኧረ ዝም ብዬ ለመዞር ነው።"

"ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል" አሉና ሳቁብኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወደ ሳይክሉ ልመለስ። ከሁሉ የወደድኩት የሰንሰለት ሽፋኑን ነው። ስምንት ወር አቧራና ጭቃ ውስጥ ስነዳ ሰንሰለቱን ዘይት የቀባሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የጓደኛዬ ማውንቴን ባይክ በየሳምንቱ ይንጫጫል። ሱሪዬም ከዘይት ተርፏል፤ ነጠላ ለብሶ ቤተ ክርስቲያን ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጉዳቱ፣ ሽፋኑ ፕላስቲክ ነው። አንዴ ልከፍተው ስታገል አንዱ ጥርሱ ተሰበረ። አሁን በሲባጎ ታስሯል። ያምራል አልልም።

የፔዳል ፍሬኑ ጠብ ሊያጭር የሚችል ነገር ነው። ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጥ ሳይክሉ ይቆማል። እኔ በሦስት ቀን ለመድኩት። አንድ ወዳጄ ግን "እስቲ ልሞክረው" ብሎ ወጣና በልማድ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሊያሽከረክር ሲል ቀጥ ብሎ ቆመበት። ባጃጅ ተራው ሁሉ እያየ ወደ ጎን ወደቀ። ዝናብ ቢዘንብ፣ ጭቃ ቢሆን ይህ ፍሬን ይይዛል፤ ሥራው ጎማው እምብርት ውስጥ ስለሆነ ውሃ አያገኘውም። ረጅም ቁልቁለት ግን አይወድም። ከቤዛዊት ኮረብታ ስወርድ እየያዝኩት መጣሁ፤ ታች ስደርስ የተቃጠለ ግሪስ ሸተተኝ፣ እምብርቱን በጣቴ ብነካው ፈጀኝ። አሁን ቁልቁለት ላይ የፊቱን የእጅ ፍሬን እያፈራረቅኩ እይዛለሁ።

ሦስቱ ካምቢዮ ይበቃል ወይ? ለሜዳ ይበቃል። ሳይክሉ ቆሞም ይቀየራል፤ ፍየል ድንገት መንገድ ስትገባ ይህ ያስመሰግነዋል። ግን ከቀላሉ እስከ ከባዱ ያለው ልዩነት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ከባሕር ዳር በመሸንቲ በኩል ወደ መራዊ ያለው መንገድ ለዓይን ሜዳ ቢመስልም ቀስ እያለ ይወጣል። ጉልበት ያውቀዋል። በኋላ ባለ 18 ጥርሱን የኋላ ጥርስ አውልቄ ባለ 22 አስገጠምኩ፣ ሰንሰለቱም ትንሽ ተረዘመ። ሦስቱም ካምቢዮ ቀለሉልኝ። ሳይክሉን የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ይህን ያድርግ።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ። ጎማ!

በአምስተኛው ወር የኋላ ጎማዬ ጎኑ መሰንጠቅ ጀመረ። ጎማው ላይ "28" የሚል አለ። ሱቅ ሄጄ "28 አለ?" አልኩ። "አለ" አለኝ። ገዛሁ። ጎሚስታ ዘንድ ይዤ ሄድኩ። ልጁ ያለ ምንም ትግል በእጁ ብቻ አስገባው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ጎማ እንዲህ በቀላሉ አይገባም። የታላቅ ወንድሙን ጫማ እንዳደረገ ልጅ ቸርኬው ላይ ይዋልላል። ነፋነው። ትንሽ ጠበቅ ሲል አንዱ ጎን ከቸርኬው ወጣ፣ የውስጥ ጎማው እንደ ፊኛ አበጠ፣ ከዚያ "ጧ!" ጎሚስታው ዘለለ። እኔም ዘለልኩ። ከጎን ቡና የሚያፈሉት እናት "በስመ አብ!" አሉ።

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። "28" የሚባለው ቁጥር አንድ አይደለም። ድሮ አባቶቻችን የሚነዱት ረጅሙ ሳይክል ጎማው 28 ይባላል፤ ቸርኬው ላይ የሚያርፍበት ክብ ከዳር እስከ ዳር (ዲያሜትሩ) 635 ሚሊ ሜትር ነው። የእኔም 28 ይባላል፤ የእኔ ግን 622 ነው። 13 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ጣት ውፍረት ልዩነት። እውነተኛው መለያ ጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፈው ነው፦ የእኔ "47-622" ይላል። ሁለተኛውን ቁጥር ተመልከት፣ ሌላውን እርሳው። 700 የሚባለው ጎማም 622 ነው። 29 የሚባለው የማውንቴን ጎማም 622 ነው፤ ግን አብዛኛው ወፍራም ስለሆነ ፓራፋንጎው ውስጥ አይገባም። በየሱቁ የሞላው 26 ደግሞ 559 ነው፣ አይታሰብም። በመጨረሻ አዲስ አበባ ያለ ሰው ለምኜ 700 በ38 አስመጣሁ። ገብቷል፣ ይሠራል።

መበሳቱን በተመለከተ ግን ጎማው አላማረረኝም። በስምንት ወር አራት ጊዜ ነው የተበሳብኝ፣ ሦስቱ በግራር እሾህ። የኋላውን ጎማ ለማውለቅ ቁጥር 15 ቁልፍ፣ የካምቢዮ ሽቦ መፍታት፣ የፍሬኑን ብሎን መፍታት ይፈልጋል። እኔ አላወልቅም። ሳይክሉን እገለብጠዋለሁ፣ ጎማውን በአንድ ጎን ብቻ ከቸርኬው አስለቅቄ የውስጡን እስከሚበቃኝ ጎትቼ አወጣለሁ። ባለፈው ቆጋ ላይ የተበሳውን ቦታ ለማግኘት የውስጥ ጎማውን ነፍቼ ቦዩ ውስጥ ነከርኩት፤ ወዲያው ፊቅ ፊቅ የሚል አረፋ ወጣ። አደረቅኩት፣ በድንጋይ ፈገፈግኩት፣ ማስቲሽ ቀባሁ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቄ ለጠፍኩ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ሥራቸውን ትተው ሲያዩኝ ነበር። ከሳይክሉ ጋር ብዙ ትዕይንት ሠርቻለሁ።

ስለ ነፋስም ማንም አልነገረኝም ነበር። ቀጥ ብለህ ስለምትቀመጥ ወገብህ አይታመምም፣ ግን ደረትህ ሸራ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጣና ወደ መሬት ይነፍሳል። ከመራዊ ስትመለስ መንገዱ ቁልቁል ያዘነብላል፣ ደስ ይልሃል፣ ነፋሱ ግን ፊት ለፊት ነው። ያተረፍከውን ይወስድብሃል። ስለዚህ በሌሊት እወጣለሁ፣ ከሰባት ሰዓት በፊት ቤቴ ለመግባት እሞክራለሁ። ደግሞ ከመውጣቴ በፊት ሁልጊዜ እዚያ ላሉ ሰዎች ደውዬ መንገዱ ሰላም መሆኑን እጠይቃለሁ። ሰላም ነው ሳይሉኝ አልወጣም።

የቀረው አጭር ነው። የፊት መብራቱ ኃይል የሚያገኘው ጎማው ውስጥ ካለ ዲናሞ ነው፣ ባትሪ የለም፣ ሰፈሩ መብራት ሲጠፋ እኔ እበራለሁ። የኋላውን ጎማ የሚቆልፈው ቀለበት ለሱቅ ደጃፍ ጥሩ ነው፣ ለሌሊት አይታመንም። መቀመጫው ሰፊ ነው፣ ስፕሪንግ አለው፣ ስለሱ ክፉ አልናገርም። ዘጌ ደርሼ በጀልባ የተመለስኩ ዕለት ሳይክሉን ለማሳፈር ሦስት ሰው ፈጅቷል።

ክረምት ግን ጓዙን ሰብስቦ ይቀመጥ። የመራዊ ቀይ አፈር ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይሆናል። ፓራፋንጎና ጎማ መሃል ገብቶ ይደርቅና ጎማው አልዞርም ይላል። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ገፍቼዋለሁ፣ በየሃምሳ ሜትሩ በእንጨት እየጫርኩ። 20 ኪሎ ብረት፣ ከላዩ አምስት ኪሎ ጭቃ።

ለማን ይሆናል? ባሕር ዳር ለሚኖር፣ ለማይቸኩል፣ መሣሪያውን ራሱ ለሚይዝ ሰው ይሆናል። ዳገት አካባቢ ካለህ ተወው። ከገዛህ ግን ገንዘቡን ስትከፍል ትርፍ ጎማ አብረህ እዘዝ። እኔ አንዱን ብቻ አስመጥቼ የፊቱም መሰንጠቅ ጀምሯል። የሚያመጣልኝ ሰው ረቡዕ እገባለሁ ብሎኛል። ባለፈው ረቡዕም እንዲሁ ብሎኝ ነበር።