በቱሉ ዲምቱ የሚገኝ የሕፃናት ማቆያ ለቀን ሠራተኛ እናት ምን ያህል ይመቻል?

በአዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ነዋሪው «ኮሚናል» በሚለው በአንዱ የነዋሪዎች የጋራ መጠቀሚያ ቤት ውስጥ የተከፈተው የሕፃናት ማቆያ፣ በቀን ሥራ፣ በልብስ አጠባ፣ በእንጀራ ጋገራና በጉሊት ለሚተዳደሩ እናቶች የታሰበ ነው። ልጄ የሚውለው እዚያ በመሆኑ ጥሩውንም ጉድለቱንም በቅርብ አውቀዋለሁ።

ማቆያ ለማታገኝ እናት የሚቀራት ታላቅ እህትን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ሕፃኑን ማስያዝ፣ ካልሆነም ጨቅላውን በአንቀልባ አዝሎ ሕንፃ ወደሚሠራበት ቦታ መሄድ ነው። ባሬላ ስትሸከም የምትውል ሴት ልጇን ከአሸዋ ክምር ጥግ፣ በባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ አስተኝታ ማየት በእኛ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም።

የማቆያው ትልቁ ጥንካሬ ክፍያውን በየቀኑ መቀበሉ ነው። ብዙ ማቆያዎች የወሩን ሂሳብ በቅድሚያ ይጠይቃሉ፤ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሥራ አጥታ የምትመለስ የቀን ሠራተኛ ግን የወር ክፍያ የሚሞላ ገንዘብ በአንድ ጊዜ እጇ አይገባም። እዚህ ልጁ ያልዋለበት ቀን አይታሰብም።

ሞግዚቶቹም አስተዋዮች ናቸው። በግድግዳው ላይ በተመቱት ምስማሮች የእያንዳንዱ ልጅ ፌስታል ይንጠለጠላል፤ ከበላዩ በስሙ ፈንታ ዶሮ፣ ጀበና ወይም ፀሐይ ተሥሎበታል፤ ይህም ማንበብ የማትችል እናት የልጇን ልብስ ማንንም ሳትጠይቅ እንድታገኝ ነው። አዲስ የገባ ሕፃን እንቅልፍ እንቢ ሲል የእናቱን ነጠላ ያለብሱታል፤ ስለዚህም ነጠላዋን ትታ እንድትሄድ አስቀድመው ይነግሯታል። ንጽሕናው ደህና ነው። ምግቡ አጥሚት፣ ገንፎና የምስር ፍትፍት ሲሆን እንቁላል ግን ከስንት አንድ ቀን ነው።

ዋናው ችግር ሰዓቱ ነው። በሩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተከፍቶ ከቀኑ 11 ሰዓት ይዘጋል። ቦሌ ወይም ሲኤምሲ የምትሠራ እናት 11 ሰዓት ላይ ገና ከሥራ መውጣቷ ነው፤ ከዚያ የአውቶቡስ ሰልፍ አለ፣ ከሰልፉ በኋላ የቃሊቲ መንገድ መጨናነቅ አለ። ዘግይታ ስትደርስ የምትጠየቀው መቀጫ ደግሞ ከዕለት ገቢዋ የሚቆረጥ ነው። መቀጫውን ከማስከፈል ይልቅ አንዲት ሞግዚት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በተራ ብታመሽ፣ ለዚያም ከሁላችንም ትንሽ ጭማሪ ቢጠየቅ ይሻላል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ሁለተኛው ጉድለት ዕድሜ ነው፤ ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን አይቀበሉም። ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ መጥባት እንዳለበት ስለሚመከር ምክንያታቸው ይገባኛል። ነገር ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር የሚፈቀድላት ተቀጣሪ እንኳ 6 ወር ሳይሞላ ሥራ ትመለሳለች። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር፤ ውል የሌላት ልብስ አጣቢ ግን ፈቃዱም ማቆያውም አይደርሳትም። ስለዚህ አራስነቷን ሳትጨርስ ለሥራ ትወጣለች። ቢያንስ በአቅራቢያ የሚሠሩ እናቶች እየመጡ የሚያጠቡበት ጥግ ተዘጋጅቶ ከ3 ወር ጀምሮ ቢቀበሉ ብዙዎች ይጠቀማሉ።

ለመመዝገብ የልጁ የክትባት ካርድና የእናቲቱ የነዋሪነት መታወቂያ ይጠየቃል። ካርዱ ተገቢ ነው። መታወቂያው ግን ከገጠር መጥተው ከሰው ቤት ተከራይተው የሚኖሩትን፣ ማለትም አገልግሎቱ ይበልጥ የሚያስፈልጋቸውን እናቶች ከበር ይመልሳል፤ ለእነርሱ የአከራይ ወይም የዕድር ምስክርነት በቂ ሊሆን ይገባል።