ባለ ሁለት ቁልፍ የመጸዳጃ መቀመጫ፦ ከቁልፎቹ በፊት ሰሃኑንና ጎማውን ማየት

የቤታችንን አሮጌ የመጸዳጃ መቀመጫ በባለ ሁለት ቁልፍ የተካነው ውሃ ለመቆጠብ ነው። አሮጌው አንድ ጊዜ በተለቀቀ ቁጥር 13 ሊትር ያህል ውሃ ያፈስ ነበር፤ አዲሱ ትልቁ ቁልፍ ሲጫን 6 ሊትር፣ ትንሹ ሲጫን ደግሞ 3 ሊትር ይለቅቃል። ሁሉም የቤተሰቡ አባል ከተላመደው በኋላ የደረስኩበት ፍርድ፣ ዕቃው በእርግጥ የሚመሰገን መሆኑን ነው። ይሁን እንጂ ቁጠባው ዘላቂ የሚሆነው የሰሃኑ፣ ማለትም ቆሻሻውን የሚቀበለው የመቀመጫው ክፍል፣ ቅርጽ ለትንሽ ውሃ ታስቦ የተሠራ ከሆነና የሚለቀቀው ውሃ በሚጠራቀምበት በፍላሽ ታንከሩ ውስጥ ያለው የመዝጊያ ጎማ ጥራት ካለው ነው፤ ገዢ ከሁሉ በፊት ሊመረምር የሚገባውም እነዚህን ሁለቱን ነው።

የቁጠባውን መጠን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ሰው በቀን አምስት ጊዜ ቢጠቀምና ከአምስቱ አንዱ ብቻ ሙሉ ውሃ የሚፈልግ ቢሆን፣ በአሮጌው መቀመጫ 65 ሊትር፣ በአዲሱ ግን 18 ሊትር ያወጣል። አራት ሰዎች ባሉበት ቤት ልዩነቱ በቀን 188 ሊትር፣ በዓመት ደግሞ ከ68,000 ሊትር በላይ ይሆናል። ቀኑን በሥራና በትምህርት ቤት ለሚያሳልፍ ቤተሰብ ቁጥሩ መቀነሱ አይቀርም፤ ቢሆንም የገላ መታጠቢያውን ሰዓት በማሳጠር ወይም ሳህን ሲታጠብ በመጠንቀቅ ይህን ያህል ውሃ ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። እዚህ ግን ቁልፍ ከመምረጥ በስተቀር ከተጠቃሚው የሚጠየቅ ነገር የለም።

ይህ አሠራር ለገበያ የበቃው በ1980 እ.ኤ.አ. ካሮማ በተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ አማካኝነት ነው። የመጀመሪያው ሞዴል ለሙሉው 11፣ ለግማሹ 5.5 ሊትር ይጠቀም ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 6 እና 3 ሊትር ወረደ፤ ከዚያም 4.5 እና 3 ሊትር የሚጠቀሙ ሞዴሎች መጡ። ውሃው በዚህ መጠን ሊቀነስ የቻለው ሰሃኑም አብሮ እንደገና ስለተነደፈ ነው። ይህን የማያውቅ ገዢ ሁለት ቁልፍ ያለውን ሁሉ እኩል አድርጎ ያያል።

የሰሃን አሠራር በመሠረቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መውጫ ቱቦው በውሃ ሲሞላ በሚፈጠረው የመሳብ ኃይል የሚሠራው የሲፎን ዓይነት ነው፤ መውጫው ጠባብና ጠመዝማዛ ሲሆን በሰሃኑ ውስጥም ሰፋ ያለ ውሃ ይይዛል። ሁለተኛው ውሃው በክብደቱና በፍጥነቱ ቆሻሻውን ገፍቶ የሚያወጣው ነው፤ መውጫው ሰፊና አጭር በመሆኑ በትንሽ ውሃ ይሠራል፣ የመዘጋት ዕድሉም ያነሰ ነው። እኛ የመረጥነው ሁለተኛውን ነው። በመዘጋት በኩል እስካሁን ቅሬታ የለንም፤ ድምፁም አጭር ነው። ነገር ግን በሰሃኑ ግርጌ የሚቀረው ውሃ ስፋቱ ትንሽ ስለሆነ ቆሻሻ በደረቁ ግድግዳ ላይ ምልክት ይተዋል፤ ስለዚህ ብሩሽ ከቀድሞው በበለጠ ያስፈልጋል። ይህ የዚህ ዓይነት ሰሃን ጠባይ ስለሆነ ከመግዛት በፊት አውቆ መቀበል ይሻላል። የሚገዙት ሞዴል በማፕ የሙከራ ዘዴ የተፈተነ ከሆነ ውጤቱን መመልከት ጠቃሚ ነው፤ ሙከራው ከአኩሪ አተር የተሠራ ሊጥ በመጠቀም መቀመጫው በአንድ ጊዜ ስንት ግራም ማስወገድ እንደሚችል ይለካል። ከሻጭ ገለጻ ይልቅ እንዲህ ያለውን መረጃ አምናለሁ።

አሮጌውን ሰሃን ሳያስወጡ የታንከሩን የውስጥ ዕቃ ብቻ በባለ ሁለት ቁልፍ መቀየርም ይቻላል። ወጪው ስለሚያንስ ብዙዎችን ይስባል፤ ለሽንት ብቻ የሚለቀቀውን ውሃ በመቀነስ ረገድም ጥቅም አለው። ሆኖም ለ13 ሊትር የተነደፈ ሰሃን ሙሉው ፍላሽ ወደ 6 ሊትር ሲወርድበት ቆሻሻውን አስወግዶ ላይጨርስ ይችላል፤ ሰው ሁለቴ ሦስቴ በተጫነ ቁጥር ደግሞ ቁጠባው ይጠፋል። የተቻለው ሰው ሰሃኑንና ታንከሩን አንድ ላይ ቢቀይር ይሻላል እላለሁ።

በገጠማው ረገድ ከሁሉ የሚቀድመው ልኬት ነው። ፍሳሹ ወደ ወለል የሚወርድ ከሆነ ከተለሰነው ወይም ሴራሚክ ከለበሰው ግድግዳ እስከ መውጫ ቀዳዳው መሐል ያለውን ርቀት መለካት ያስፈልጋል፤ በብዛት የሚገኘው 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆንም 25 ወይም 35 የሆነም አለ። ፍሳሹ በግድግዳ በኩል የሚወጣ ከሆነ ደግሞ የሚለካው ከወለሉ ያለው ከፍታ ነው። መቀመጫውን ወለሉ ላይ የሚያስሩት ብሎኖች ተራ በተራ በጥቂት በጥቂቱ መጥበቅ አለባቸው፤ አንዱን በኃይል ማጥበቅ ሴራሚኩን ይሰነጥቀዋል። ከመውጫው ጋር የሚያገናኘው ማሸጊያም አሮጌው ተመልሶ ሳይገባ በአዲስ መተካት አለበት። የቀረው ልምድ ላለው የቧንቧ ሠራተኛ ቀላል ሥራ ነው።

በዚህ ዕቃ ላይ ያለኝ ትልቁ ሥጋት የጎማው ጉዳይ ነው። ቁልፉ ሲጫን በታንከሩ ግርጌ ያለው መዝጊያ ወደ ላይ ተነሥቶ ውሃውን ይለቅቃል፤ ሲመለስ ደግሞ ቀዳዳውን የሚዘጋው ቀጭን የጎማ ወይም የሲሊኮን ቀለበት ነው። ቀለበቱ ሲያረጅ፣ አሸዋ ሲገባበት ወይም ከውሃው የሚወጣ ነጭ ዝቃጭ ሲጋገርበት ውሃ ቀንና ሌሊት በሰሃኑ ግድግዳ ላይ ያለ ድምፅ ይወርዳል። እንዲህ ያለው ልቅታ ሳይታይ ከቆየ ሁለቱ ቁልፎች ያተረፉትን ሁሉ ሊበላው ይችላል። ለማወቅ ግን ቀላል መንገድ አለ፤ ጥቂት የምግብ ቀለም ታንከሩ ውስጥ ጨምሮ ማንም ሳይጠቀም ለግማሽ ሰዓት መተው ነው። ቀለሙ ሰሃኑ ውስጥ ከታየ ጎማው ማጽዳት ወይም መቀየር ይፈልጋል። ታንከሩ ውስጥ የሚጣሉ የክሎሪን ማጽጃዎች ጎማውን ስለሚጎዱት እኛ አንጠቀምባቸውም። የውሃው ከፍታም ከትርፍ ውሃ ማስወገጃው ቱቦ አፍ ዝቅ እንዲል፣ ታንከሩ ሲሞላ የውሃውን መግቢያ የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ አለዚያ ትርፉ በዚያ በኩል ያለማቋረጥ ይፈሳል።

ታንከሩ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበርበት ሞዴል ለዓይን ያምራል፤ እኔ ግን የመለዋወጫ ጎማው በቀላሉ መገኘቱንና በቁልፉ መክፈቻ በኩል እጅ አስገብቶ መቀየር መቻሉን ሳያረጋግጡ እንዲገዙት አልመክርም።

በቁልፎቹ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በእኛ ሞዴል የትንሹና የትልቁ ልዩነት በጉልህ አይታይም፤ ልጆችና እንግዶች ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም አንድ ላይ ይጫናሉ፤ ይህም ሙሉውን ውሃ ይለቅቃል። መጠናቸው በግልጽ የሚለያይ፣ ለልጅ ጣትም የማይከብድ ቁልፍ ያለውን መምረጥ ይሻላል። በተጨማሪም የፍሳሽ መስመራቸው ረጅምና ተዳፋቱ አነስተኛ ለሆነ ቤቶች፣ ትንሽ ውሃ ቆሻሻውን እስከ ዋናው መስመር ላያደርሰው ስለሚችል፣ ከ4.5 ሊትር ይልቅ 6 ሊትር የሚለቅቀውን ሞዴል እንዲወስዱ እመክራለሁ።